ሀገሬን ያልክ ወጣት፣ ቢሮዋን ለማን ተውክላት?

(በወጣቶች የውይይት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር ነው። በአካል መገኘት ላልቻላችሁ የገጻችን ተከታታዮች ሙሉ ቃሉን እነሆ። ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ምርጫ አይደለም። ስለ ጦርነትም አይደለም። ስለ ዓድዋም አይደለም፤ ዓድዋን የካቲት ሲመጣ እናወራዋለን። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ወንበር ነው። የሥልጣን ወንበር እንዳይመስላችሁ! በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ፣ ኮት ተሰቅሎበት ሰው ስለሌለበት ወንበር ነው የማወራችሁ።

ታውቁታላችሁ አይደል? ሁላችንም እናውቀዋለን። ኮቱ አለ፣ ባለ ኮቱ የለም። «አሁን እዚህ ነበር።» «ስብሰባ ላይ ናቸው።» «ሲስተም የለም።» «ነገ ብትመለስ ይሻላል።» እኛም እንናደዳለን፣ እንሳደባለን፣ ስልክ አውጥተን ቪዲዮ እንቀርጻለን፣ ቲክቶክ ላይ እንለቀዋለን፣ ስቀን እንረሳዋለን። በነጋታው ሌላ ወረፋ ላይ እንቆማለን።

እኔ ግን ዛሬ አንድ ጥያቄ አብራችሁኝ እንድትጠይቁ እፈልጋለሁ። ያ ሰው ለምን ወንበሩ ላይ የለም? ማን ቀጠረው? በምን መስፈርት ተቀጠረ? ከእሱ በፊት እዚያ ወንበር ላይ የነበረችው ጎበዝ ልጅስ የት ሄደች?

መንግሥት ሠራተኛውን እንዴት ይቀጥራል? ቀጥሮስ እንዴት ያቆየዋል? ዛሬ የምንነጋገረው ይሄንን ነው። «ይሄ የሰው ሀብት ክፍል ጉዳይ እኮ ነው፤ የሀገር ፍቅር ንቅናቄ ምን አገባው?» የምትሉ አላችሁ፤ ፊታችሁ ላይ እያየሁት ነው። ታገሱኝ።

*አንደኛ፦ ሀገር በማን ትቆማለች?*

ዓድዋ ላይ ያሸነፍነው የካቲት 1888 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ምን ተደረገ? ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። የጦር፣ የፍርድ፣ የገንዘብ፣ የንግድና የውጭ ጉዳይ፣ የጽሕፈት እያሉ ሥራ ከፋፈሉ። በ1901 ዓ.ም. ደግሞ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ከፈቱ፤ የውጭ ቋንቋም ይማሩበት ነበር። በጦር የተጠበቀ ሀገር ጽሑፍ የሚያውቅ፣ ሒሳብ የሚይዝ፣ ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚዋዋል ሰው ከሌለው እንደማይቆይ ገብቷቸው ነበር። ዓድዋን ያሸነፈው ንጉሥ ቀጥሎ የፈለገው ሠራተኛ ነው። ይሄንን ልብ በሉልኝ።

ስማቸውን በየፖስታችን ላይ የምንለጥፋቸውን ሰዎች አንሱ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ አስተዳደር የጻፉትን ዛሬም እናደንቃለን። በሥራቸው ምን ነበሩ? የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ! የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው የንግድና የጉምሩክ ሥራ ይመሩ ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሰጡን ሐዲስ ዓለማየሁስ? አርበኛ ነበሩ፣ መምህር ነበሩ፣ ዲፕሎማት ነበሩ፣ ሚኒስትር ነበሩ። ያ ትውልድ ሀገሩን መውደድና ቢሮ ገብቶ መሥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች አይመስሉትም ነበር።

እኛ ያልገባንን ነገር ጠላት ቀድሞ ገብቶታል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ፋሺስቱ አዲስ አበባን ለሦስት ቀን በደም አጠባት። ያ አልበቃው ብሎ የተማሩትን ወጣቶች ለይቶ እያደነ ፈጀ። ለምን እነሱን ለየ? መሣሪያ ስለያዙ ብቻ አይደለም። ነገ መንግሥት የሚያቆሙት እነሱ መሆናቸውን ስላወቀ ነው። ለዚህም ነው በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ መሥሪያ ቤቶቹን የሚሞላ የተማረ ሰው ጠፍቶ በውጭ አማካሪ ላይ መደገፍ ግድ የሆነው። ነፃ ወጥተን እንኳ በገዛ ቢሮአችን ውስጥ የሰው እጅ አየን።

ወገኖቼ! ፋሺስት በጥይት ያደረገውን እኛ ዛሬ በደመወዝ፣ በዘመድ ቅጥርና በንቀት እያደረግነው ነው። ጎበዙን ሰው ከወንበሩ ላይ እያነሳነው ነው። ደም ስለማይፈስ ብቻ አልታወቀንም።

*ሁለተኛ፦ ጎበዙ ለምን አይመጣም?*

ሕጉን ብታነቡት ይገርማችኋል። እስከ 2017 ዓ.ም. ሲሠራበት የነበረውን የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ን አንብቡት። ከእሱ በፊት የነበረውን 515/1999ንም አንብቡ። ክፍት የሥራ መደብ በማስታወቂያ ይወጣል ይላል፤ በውድድር ይሞላል ይላል፤ በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት ልዩነት ማድረግ ክልክል ነው ይላል። ነጥባቸው እኩል ወይም ተቀራራቢ ለሆነ ሴቶችና አካል ጉዳተኞች ቅድሚያ ይሰጥ ነበር። ምን ይወጣለታል? ቆንጆ ሕግ ነው። በችሎታ መቅጠር የሚለው ሐሳብም አዲስ አይደለም፤ የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥር የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው። ስድሳ ዓመት አልፎታል።

ታዲያ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር የቆመው ወጣት እርስ በርሱ ምን ይባባላል? «ሰው አለህ?» በቃ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ነው። «ስንት አመጣህ?» አይደለም፤ «ምን ትችላለህ?» አይደለም፤ «ሰው አለህ?» ነው።

ይሄ ጥያቄ ብቻውን ሀገር ያፈርሳል። ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። ሰው የሌለው ጎበዝ ማስታወቂያውን ያየውና ይተወዋል፤ ምን አለፋኝ ይላል። ሰው ያለው ሰነፍ ግን ያመለክታል። ስለዚህ ፈተናው ሳይሰጥ፣ ቃለ መጠይቁ ሳይጀመር፣ ውድድሩ አልቋል። አንድ ሐቀኛ ኃላፊ ከቀረቡት አመልካቾች መካከል ጎበዙን ልምረጥ ቢል እንኳ ጎበዙ ቀድሞ ስለቀረ የለም። ማስታወቂያው ለአንድ ሰው በልክ የተሰፋ ሱሪ ሲሆን ደግሞ፣ ማለትም ተፈላጊ ችሎታው የሰውየውን ማስረጃ አይቶ ሲጻፍ፣ ሕጉም ተፈጽሟል፤ ሕጉም ሞቷል።

የፖለቲካው ነገር አለ። በደርግ ጊዜ የርዕዮተ ዓለም ጥያቄ ነበር። በኢሕአዴግ ጊዜ አባልነትና «አንድ ለአምስት» መጣ። በየዘመኑ ጥያቄው ስሙን ይቀይራል እንጂ ያው ነው፦ የማን ነህ? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ የተረተ ሕዝብ ሥልጣንን እንደ ድግስ ነው ያየው። ድግስ ላይ ደግሞ የሚጠራው ዘመድ ነው።

ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ አለላችሁ። አምስት ዓመት ላይብረሪ ውስጥ ያሳለፈችው ልጅ ሥራ ፍለጋ ጫማዋ ሲያልቅ፣ ወረቀት የገዛው ሰው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ማስረጃዋን ያገላብጣል። ከዚህ በላይ ምን የሚያስቆጣ ነገር አለ?

መንግሥት ምንም አላደረገም አልልም፤ ሐቅ ሐቅ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በሺዎች ለሚቆጠሩ ሠራተኞቹና ኃላፊዎቹ የብቃት ፈተና ሰጥቶ ብዙዎቹ ወድቀዋል። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. «መሶብ» የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሥራ ጀምሯል። ጥሩ ጅምር ነው። ግን መሶቡ የቱንም ያህል ቢያምር እንጀራውን የሚጋግር ሰው ይፈልጋል። በቢፒአርም፣ በቢኤስሲም፣ በካይዘንም አልፈናል እኮ። ስሙ ይመጣል፣ ሥልጠና ይሰጣል፣ ውሎ አበል ይከፈላል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ወንበሩ ላይ ግን ያው ኮት ነው።

*ሦስተኛ፦ የመጣው ለምን ይሄዳል?*

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ስልካችሁን አውጡና አብራችሁኝ አስሉ።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የደመወዝ ማሻሻያ የዲግሪ ተመራቂ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000፣ ከፍተኛው ከ21,492 ወደ 39,000 ብር ደርሷል። ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ከዚያ ቀደም ብሎ ዝቅተኛው 1,100 ብር እንደነበረ አትርሱ። ነገር ግን 11,500 ብር ማለት ኪስ የሚገባ 11,500 ማለት አይደለም። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይቆረጣል፤ 805 ብር። የሥራ ግብሩ ይቆረጣል። እጅ ላይ የሚደርሰው ከ9,000 ብር በታች ነው። በሉ እንግዲህ! አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ክፍል ቤት ኪራይ ቀንሱ። ታክሲ ቀንሱ። ምሳ ቀንሱ። ለእናት የሚላከውን ቀንሱ። የቀረውን ንገሩኝ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ገበያው በሊፍት ሲወጣ ደመወዙ በደረጃ ነው የሚከተለው። ስለዚህ ሠራተኛው ምን ያደርጋል? ሦስት መንገድ አለው።

አንዱ ይሄዳል። ወደ ባንክ፣ ወደ ግብረ ሰናይ ድርጅት፣ ወደ ውጭ ሀገር ይሄዳል። ጎበዙ ነው የሚሄደው፤ ምክንያቱም ሌላ ቦታ የሚፈልገው ጎበዙን ነው።

ሌላው ይቀመጣል፣ ግን ልቡ ሄዷል። ኮቱን ሰቅሎ ደላላ ይሆናል፣ ራይድ ይነዳል፣ የግል ሥራ ይሠራል። ይሄኛው ከሄደው የባሰ ነው፤ የሄደው ቢያንስ ወንበሩን ለቅቋል።

ሦስተኛው ደግሞ ደመወዙን ከባለጉዳይ ኪስ ይሞላል። ጉቦ እንዲህ ነው የሚወለደው። ሁሉም የተቸገረ ጉቦ ይበላል እያልኩ አይደለም፤ ተርቦም ሳይነካ የኖረ ስንት ሰው አለ! እያልኩ ያለሁት፣ ሰው ለመኖር መስረቅ ግድ የሚሆንበት ሥርዓት ከሠራህ በኋላ ስለ ሥነ ምግባር ስብሰባ ብትጠራ ማንም አይሰማህም ነው።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንስተው ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ አይታችኋል። አንዳንዶቹ ታስረዋል። ሕመምተኛ ያለ ሐኪም ሲቀር ማንም አይደሰትም፤ ሐኪሙም ራሱ አይደሰትም። ግን ሀገር አስተምራ ሐኪም ያደረገችው ልጅ «በደመወዜ መኖር አልቻልኩም» ሲል ቁጭ ብሎ መስማት ነው እንጂ መልሱ ሌላ መሆን የለበትም። የምንሰማው ካልሆንን የውጭ ሆስፒታል ይሰማዋል።

ነገር ግን ሁሉም ነገር ብር ነው አትበሉ። በብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንድም ቅን ሠራተኛ ባልቀረ ነበር። የሥራ አፈጻጸም ምዘና የሚባለውን አስቡት። በዓመት ሁለቴ ይሞላል። ቀኑን ሙሉ ፋይል ስታገላብጥ የምትውለው ልጅ 95 ታገኛለች። ኮት ሰቅሎ የሚጠፋው 94 ያገኛል። አለቃው መጣላት አይፈልግም፤ ሁሉንም እኩል ይሞላል፣ ይፈርማል፣ ያበቃል። ልጅቷ ያንን ወረቀት ስታይ ምን ይሰማታል? ደመወዟ በእጥፍ ቢጨመር እንኳ በዚያ ቀን ውስጧ የሆነ ነገር ይሰበራል። እድገት ሲወጣ ደግሞ በአባልነት ወይም በመንደር ልጅነት የመጣ ሰው ከላይዋ ይቀመጣል። ሥራውን እሷ አስተምራዋለች፤ እሱ ይፈርምባታል። እሷን ያባረራት ደመወዝ ነው ትላላችሁ? ፍትሕ ማጣት ነው ያባረራት።

ሥራ የሚያውቀው አንጋፋውስ? ስድሳ ዓመት ሲሞላው የስንብት ሻይ ይደረግለታል፣ ጋቢ ይለብሳል፣ ይሄዳል። ሠላሳ ዓመት በጭንቅላቱ የያዘውን ማን ተረከበው? ማንም። በበነጋታው «ያ ፋይል የት ነው?» ሲባል የሚያውቅ የለም።

*አራተኛ፦ ኪሳራው የማን ነው?*

ዓባይን እናንሳ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋይ ተጣለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ሁላችንም ጮኸናል፣ አልቅሰናል፣ ጨፍረናል። ግን ጥያቄ ልጠይቃችሁ፦ የወር ደመወዛቸውን ለግድቡ ቦንድ ከገዙት መካከል ግንባር ቀደሞቹ እነማን ነበሩ? የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው! ያ የምንስቅበት፣ ቪዲዮ የምንቀርጸው ሰው፣ ያ ደመወዙ ወር የማያደርሰው ሰው፣ ከዚያችው ላይ እየተቆረጠበት ከፍሏል።

ሌላ ልጨምር። በ1929 እና በ1959 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በዓባይ ውኃ ላይ የተፈረሙት ውሎች ኢትዮጵያን ያላካተቱ ናቸው። ዛሬ እነዚያን ውሎች ጠረጴዛ ላይ አምጥተው ሲከራከሩን በምን መለስንላቸው? በሽለላ አይደለም። የውኃውን ፍሰት ዓመት ከዓመት የለካ ባለሙያ፣ ውሉን በአንቀጽ በአንቀጽ የመረመረ የሕግ ሰው፣ ደብዳቤውን ፈልጎ የሚያገኝ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስላለን ነው። የሚቀጥለው ድርድር ሲመጣ ያ ባለሙያ ተሰናብቶ፣ ያ የሕግ ሰው ውጭ ሀገር ሄዶ፣ ያ መዝገብ ቤት በማያውቅ ሰው ተሞልቶ ብንገኝስ? ባንዲራ ለብሰን ጠረጴዛው ላይ ብንቀመጥ የምንናገረው ነገር አይኖረንም።

አባቶች «የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል» ይላሉ። መሥሪያ ቤት ሲናድ አንዳንዱ ይልሳል። ዘመዱን ያስቀጥራል፣ ውሎ አበሉን ይሰበስባል፣ ጉዳይ ገዳይ ይሆናል። ይጥመዋል። እኛ የምናለቅሰው ለዚህ ነው።

*አምስተኛ፦ ለራሳችን የምንለው*

አሁን የሚመረውን ልንገራችሁ። እስካሁን ስለ ሌላ ሰው ስናወራ አጨብጭባችኋል። አሁን ስለ እኛ ነው።

በውስጥ መስመር ከሚመጡልን መልእክቶች አንዱ ይሄ ነው፦ «የእኛ ልጆች ቢሮ ውስጥ የሉም። ነገ ጊዜው የእኛ ሲሆን የእኛን ሰዎች እናስገባለን።» ቁጭቱ ይገባኛል። በሩ የተዘጋበት ሰው ይቆጫል። ግን ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የምንታገለው ነገር ነው! ትናንት «የማን ነህ?» ብለው መለሱህ፤ ነገ አንተ በሩ ላይ ቆመህ «የማን ነህ?» ብለህ ልትመልስ ነው? ጥያቄውን ካልቀየርክ ዘበኛውን ብቻ ነው የቀየርከው።

ውክልና አያስፈልግም አላልኩም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 3 በክልልና በፌዴራል መንግሥት ውስጥ ፍትሐዊ ውክልና መብት መሆኑን ይደነግጋል። ከጋምቤላም፣ ከአፋርም፣ ከጎንደርም፣ ከወላይታም፣ ከሐረርም የመጣ ዜጋ የፌዴራል ቢሮ ሲገባ ራሱን የሚመስል ሰው ማየት አለበት፤ አለበለዚያ ሀገሩ የእሱ አትመስለውም። ጥያቄው መንገዱ ነው። ማስታወቂያውን አዲስ አበባ ሰሌዳ ላይ ብቻ ከመለጠፍ በየክልሉ አውጡት። ፈተናውን ተፈታኙ ባለበት ከተማ ስጡት። ራቅ ካለ ቦታ ለሚመጣ ጎበዝ ማረፊያ አዘጋጁ። በሩን አስፉት! በሩን ማስፋት አንድ ነገር ነው፤ ስም ዝርዝር ይዞ በጓሮ መግባት ሌላ ነገር ነው።

ከአፍሪካ ቦትስዋናን እዩ። በ1966 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነፃ ስትወጣ ከዓለም ደሃ ሀገራት አንዷ ነበረች። ብዙዎች «ነጮቹ ዛሬውኑ ይውጡ፣ ወንበሩ ላይ የራሳችን ሰው ይቀመጥ» ሲሉ ሴሬትሴ ካማ ግን አልተጣደፉም። የሀገሬው ሰው ሠልጥኖ ሥራውን እስኪችለው ድረስ ቀስ ብለው ተኩ። ብሔርተኝነት ማለት ለእሳቸው ወንበሩ ላይ ዘመድ ማስቀመጥ ሳይሆን የሚሠራ መንግሥት ማቆም ነበር። አልማዙ ሲገኝ ገንዘቡን የሚያስተዳድር ሰው ነበራቸው። አልማዝ ያለው ስንት የአፍሪካ ሀገር እንደደቀቀ ታውቃላችሁ።

ሩቅም መሄድ የለብንም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመንግሥት ንብረት ነው። በአሜሪካኖች አመራር ጀምሮ የራሱን ልጆች በራሱ ማሠልጠኛ እያፈራ፣ ደረጃ በደረጃ በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ። አብራሪው «ሰው ስላለው» ወንበሩ ላይ የተቀመጠበት አውሮፕላን ውስጥ ትገባለህ? አትገባም። ታዲያ ጤና ጣቢያውን፣ ፍርድ ቤቱን፣ የግዥ ክፍሉን ለምን በዚያ መንገድ ለተቀመጠ ሰው ትሰጣለህ? እነሱም ሲወድቁ ሰው ይሞታል እኮ። ቀስ ብሎ ስለሆነ ነው የማይታይህ።

አንድ የመጨረሻ ሰበብ ልመልስ። «ገብቼ የዚህን መንግሥት አገልጋይ ልሁን እንዴ?» የሚል አለ። ቋንቋችን እዚህ ላይ ያሳስተናል። ዛሬ ሥልጣን ላይ ያለውንም «መንግሥት» እንለዋለን፣ ትውልድ ተሻግሮ የሚቆየውንም «መንግሥት» እንለዋለን። ሁለተኛው ሀገረ መንግሥቱ ነው። ገዥ ይመጣል፣ ገዥ ይሄዳል። የልደት ምዝገባው፣ የመሬት ካርታው፣ የክትባት መዝገቡ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔው ግን ይቀራል። ዐፄው ሄዱ፣ ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግ ሄደ፤ መዝገቡን የያዘችው ሴት ግን በሦስቱም ዘመን እዚያው ነበረች። ሀገሪቱ ያልፈረሰችው በእሷ ነው። የምትገባው ለእሷ ወንበር ነው፤ ለማንም ፓርቲ አይደለም።

*ምን እንጠይቅ? ምንስ እናድርግ?*

ከመንግሥት የምንጠይቀው ግልጽ ነው፦

1. የቅጥር ውጤት በይፋ ይለጠፍ። ማን ተወዳደረ፣ ስንት አመጣ፣ ማን አለፈ፣ ሁሉም ይታይ። ፈተናውን የሚያወጣውና የሚያርመው አካል ከሚቀጥረው መሥሪያ ቤት የተለየ ይሁን።

2. ደመወዝ የኑሮ ውድነቱን በየጊዜው በሕግ በተወሰነ መንገድ ይከተል። ሠራተኛው ጭማሪን እንደ ስጦታ እየጠበቀ አይኑር። በጀት ካጠረ ቤትና ትራንስፖርት ላይ ይታገዝ፤ የመሥሪያ ቤት ሰርቪስ አውቶቡስ እንኳ ስንት ሰው አቆይቷል!

3. ምዘናው ምዘና ይሁን። 95 ያገኘና 50 ያገኘ ይለይ። ሲለይም አለቃው ምክንያቱን ጽፎ ይፈርም፤ የተበደለ አቤት የሚልበት ቦታም ይኑረው።

4. የፓርቲ ሥራ ከቢሮ ይውጣ። በሥራ ሰዓት የፓርቲ ስብሰባ፣ በአባልነት እድገት ይቁም።

5. አንጋፋው ከመውጣቱ በፊት ወጣት ይመደብለት፤ እውቀቱን አስረክቦ ይሂድ።

ከእናንተስ? እናንተም አታመልጡም!

የመጀመሪያው፦ «ሰው አለህ?» የሚለውን ቃል ከአፋችሁ አውጡት። ሰው ቢኖራችሁም አትጠቀሙበት። ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። እናት «አጎትህ እያለ ለምን ትራባለህ?» ትላለች። ቢሆንም በአጎትህ የገባህ ቀን የአንድ ሰው የሌለውን ጎበዝ ልጅ ወንበር ወስደሃል።

ሁለተኛው፦ ተወዳደሩ። «በዘመድ ነው» ብላችሁ አትቅሩ። ጎበዙ ሲቀር ነው በዘመድ የሚሆነው። መቶ ሆናችሁ ተፈተኑ፤ መቶ ጎበዝ የወደቀበትን ፈተና ደብቆ ማለፍ ይከብዳል። ከተበደላችሁ በጽሑፍ አቤት በሉ፣ ቅጂ ያዙ።

ሦስተኛው፦ ከገባችሁ ቆዩ፤ መቆየት ካልቻላችሁ አስረክባችሁ ውጡ። ሰው ቤተሰቡን ለመመገብ ቢወጣ ከሃዲ አይባልም፤ ማንም ከዚህ መድረክ እንዲያ እንዳይል። ነገር ግን ፋይሉን ቆልፎ፣ የይለፍ ቃሉን ይዞ፣ ተከታዩን ሳያሳይ የሚወጣ ሀገሩን በድሏል። ውጭ ያላችሁም ወገኖቻችን፣ ዶክተሮች፣ መሐንዲሶች፣ የሒሳብ ባለሙያዎች፣ ጥላችሁ ኑ አንልም። እዚህ ያለውን ታናሽ ወንድማችሁን በሳምንት አንድ ሰዓት በስልክ ብታሠለጥኑት እንኳ አንድ ወንበር ሞላችሁ ማለት ነው።

አራተኛው፦ ጎበዙን አመስግኑ። ሰነፉን ስንቀርጽ ኖረናል። ከዛሬ ጀምሮ ቢሮ ገብታችሁ ፈገግ ብሎ፣ ሳያመላልስ፣ እጁን ሳይዘረጋ ያስተናገዳችሁን ሰው ለኃላፊው በጽሑፍ መስክሩለት። የአስተያየት መስጫ ሳጥኗ አቧራ ለብሳ ተቀምጣለች፤ ክፈቷት። ያቺ ልጅ 95 እና 94 የሚለውን ወረቀት ባየችበት ቀን የእናንተ ደብዳቤ ጠረጴዛዋ ላይ ካለ፣ ምናልባት አንድ ዓመት ትቆይ ይሆናል። አንድ ዓመት ብዙ ነው! በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ሰው መታወቂያ ያወጣል፣ ስንት እናት ልጇን ታስመዘግባለች፣ ስንት ገበሬ ካርታውን ያገኛል።

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ሀገር መውደድ ቀላል የሚሆንበት ቀን አለ። ባንዲራው ሲውለበለብ፣ ዘፈኑ ሲከፈት፣ ሯጮቻችን ሲያሸንፉ ቀላል ነው። የሚከብደው ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ወረፋው በር ላይ ተሰልፎ፣ ደመወዙ ሳይደርስ አልቆ፣ አለቃው ተቆጥቶ፣ አንዲት ገጠር የመጣች አሮጊት ወረቀቷን በፌስታል ጠቅልላ ስትዘረጋልህ ተነስተህ «እናቴ፣ ይቀመጡ፣ እኔ እጨርስልዎታለሁ» ማለት ነው የሚከብደው። ያንን የሚለው ሰው አርበኛ ነው። ስሙ ሐውልት ላይ አይጻፍም፤ ግን ሀገር የቆመችው በእሱ ነው።

ኮቱ ብቻ የተሰቀለበት ወንበር ይጠብቃችኋል። ተፈትናችሁ፣ አልፋችሁ፣ በፊት ለፊት በር ገብታችሁ ተቀመጡበት።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!

(ንግግሩ ለሥራ ፈላጊ ጓደኞቻችሁና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሚሠሩ ቤተሰቦቻችሁ እንዲደርስ ሼር አድርጉት። ቅን አገልግሎት ያገኛችሁበትን ቢሮ በኮሜንት ጻፉልን፤ እናመሰግናቸዋለን።)